ጉንፋን በአይን ይገባል? ከአይን ወደ አፍንጫ ስላለው መንገድ

ደብረ ብርሃን ታህሳስ ላይ በጠዋት ከቤት የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ብርዱ ገና ፊትን ሲመታው አይን ያለቅሳል፣ ትንሽ ቆይቶ አፍንጫም ይከተላል። ከአፍንጫ የሚወርደው ሁሉ ንፍጥ አይደለም፣ ከፊሉ ራሱ እንባው ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ የታችኛውን የአይን ቆብ ወደ አፍንጫ ባለው ጥግ በኩል ገለጥ ብታደርጉት የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ታገኛላችሁ፣ እንባ በሷ ገብቶ በቀጭን ቱቦ አፍንጫ ውስጥ ይወርዳል። የአይን ጠብታ አድርጋችሁ ጉሮሯችሁን መረር ካለው በዚችው መንገድ ስለሄደ ነው።

እንግዲህ እንባ የሄደበት ቫይረስም ይሄዳል። በእጅ ወይ በሚያስነጥስ ሰው ፍንጣሪ አይን ላይ ያረፈ ቫይረስ ሁለት እድል አለው፣ አንዱ እዛው የአይኑን ነጭና የቆቡን ውስጥ በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ መራባት ነው፣ ሌላው ከእንባው ጋር ታጥቦ አፍንጫ መድረስ። አዴኖ ቫይረስ አይኑንም ጉሮሮውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ልጆች ላይ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ህመምና አይነ ማዝ ተደራርበው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ኩፍኝም ሲጀምር አይን ያቀላል። ህጻናትን በጣም የሚያሳልው አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1981 በወጣ ጥናት ፈቃደኛ አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ ነበር፣ በአይንና በአፍንጫ ሲሰጣቸው በቀላሉ ያዛቸው፣ በአፍ ሲሰጥ ግን ብዙም አልሆነለትም።

የወፍ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ቤተሰብ ለአይን የተለየ ፍቅር አለው፣ ምክንያቱም የሚጣበቅበት ስኳር መሰል ነገር ሰው አይን ላይ በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. 2003 ሆላንድ ውስጥ ኤች7ኤን7 የሚባለው ዝርያው የዶሮ እርባታዎች ውስጥ ገብቶ 89 ሰው ያዘ፣ አብዛኞቹ የታመሙት አይናቸውን ነው፣ አንድ የእንስሳት ሀኪም ግን ሳንባው ተይዞ ሞተ። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ አሜሪካ ኤች5ኤን1 ወተት ላሞች ውስጥ ሲገባ ከያዛቸው ሰራተኞች ብዙዎቹ ዋና ምልክታቸው የአይን መቅላት ነበር። አላቢ የሆነ ሰው ወተት አይኑ ውስጥ ሲፈነጠቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ለነገሩ እኛ ጋ ማን መነጽር አድርጎ ያልባል።

ይሄን ብዬ ግን ማጋነን አልፈልግም፣ ጉንፋንና ኮቪድ በዋናነት የሚገቡት በትንፋሽ፣ በአፍንጫና በአፍ ነው፣ አይን የጓሮ በር ነው። ችግሩ የጓሮ በሩን ራሳችን በእጃችን እየከፈትን መሆኑ ነው። ደጋው ላይ ኩበት የሚነድበት ማድ ቤት ግቡና እዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ በጭሱ አይኗ ሲያለቅስ በመዳፏ ጀርባ ትጠርገዋለች፣ ያው እጅ አሁን የልጁን ንፍጥ ጠርጓል፣ ልቅሶ ቤትም አንዱ ነጠላ አይንም አፍንጫም ይጠርጋል። በኮቪድ ጊዜ ማስኩን እስከ አፍንጫው ስቦ አይኑን ግን ሲያሽ የሚውል ሰው ስንቱን አየን!

አይን ዝም ብሎ የተከፈተ ነገርም አይደለም። በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ እየተርገበገበ ራሱን ያጥባል፣ እንባው ውስጥም ላይሶዛይም አለ፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ከዛ በፊት፣ እ.ኤ.አ. 1922 የገለጸው ነው። እሱ በዋናነት ለባክቴሪያ ነው እንጂ ቫይረስ ላይ ብዙ አይሰራም። ቫይረሱን ይዞ የሚያስቀረው አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ እንባ ውስጥ በብዛት አለ፣ በሽፋኑ ስርም የመከላከያ ሴሎች ተሰብስበው ይጠብቃሉ፣ የገባውን አይተው ለሌላ ጊዜ ያስታውሱታል።

ይሄን በደንብ የሚያሳየው ዶሮ ነው። ፈንግል ራሱ የመተንፈሻ ቫይረስ ነው፣ አንዴ ሰፈር ከገባ ዶሮ አያስተርፍም፣ ክትባቱ ደግሞ በአይን ይሰጣል። ሞላሌ አክስቴ ቤት ሲከትቡ አይቻለሁ፣ ልጅየው ዶሮዋን ብብቱ ስር ይዞ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብሎ አንድ ጠብታ አይኗ ላይ ያንጠባጥባል፣ ጠብታዋ ተዘርግታ እስክትገባና ዶሮዋ እስክታርገበግብ ይጠብቅና ይለቃታል፣ አለቀ፣ መርፌ የለ ምን የለ። ዶሮ ከአይኗ ኋላ ሀርደሪያን የሚባል እጢ አላት፣ የመከላከያ ሴል የሞላበት፣ ክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ እዛ ሲደርስ ዶሮዋ እዛው አይኗና አፍንጫዋ አካባቢ ጥበቃ ታቆማለች፣ በደሟም ውስጥ ጭምር። ብርታቱ ስለሚቀንስ ግን በየሶስት አራት ወሩ ይደገማል።

አክስቴ ያን ቀን «ለኛስ እንዲህ ያለ የለም?» ብላ ጠይቃው ልጁ ሳቀ። በአይን የለም፣ በአፍንጫ የሚረጭ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን አለ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. 2003 የፈቀደችው።