የወለደች ጥንቸል ጉዝጓዝ ቅየራ ምንድን ነው?

ጉዝጓዝ ቅየራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቤት እንደ መጥረግ ነው፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ ሳጥኑን አጥቦ፣ አዲስ ጭድ መጎዝጎዝ። ልጅ ለሌላት ጥንቸል ይሄ ምንም አይልም። ለወለደች ጥንቸል ግን ጉዝጓዝ መቀየር ማለት እርጥቡን ማውጣትና ደረቁን ባለበት መተው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሙልጭ አድርጎ ማጽዳት ግልገል ይገድላል፤ ደሴን በመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለ፣ ሌሊቱ አጥንት በሚሰብር ከተማ ደግሞ ይብሳል።

ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ነው። ልትወልድ ስትል ከሆዷና ከደረቷ ፀጉሯን እየነጨች ከጭዱ ጋር ታደባልቃለች። ግልገሎቹ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው እንደተከደነ ነው የሚወለዱት፤ የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ ገና አይችሉም። የሚያሞቃቸው ያ የተነጨ ፀጉርና እርስ በርስ ተደራርበው መተኛታቸው ብቻ ነው። እናትየው እንደ ዶሮ አትታቀፋቸውም፤ በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ገብታ ለጥቂት ደቂቃ አጥብታ ትወጣለች። «ጥላቸው ሄደች» ብሎ እየያዙ እሷ ሥር መወሸቅ አያስፈልግም። እንግዲህ ፀጉሩን «ቆሻሻ» ብሎ የጣለ ሰው ብርድ ልብሳቸውን ነው የጣለው።

ዋናው ሥራ ከመውለዷ በፊት ያልቃል። በ28ኛው ቀን ገደማ የመውለጃ ሳጥኗን አስገቡላት። ከታች አናጢ እንጨት ሲልግ የሚወጣው ጥቅልል ፍቅፋቂ፣ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ከላይ ደረቅ ጭድ፣ በርከት አድርጎ። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትም ይመጥጣል፤ ግን አቧራው ብዙ ስለሆነ ውጭ አራግፉት። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ለከብትም ለጥንቸልም አይሆንም። ደቃቅ ሰጋቱራ ዓይንና አፍንጫቸው ውስጥ ስለሚገባ ይቅር። የጥድና የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂም እንዲሁ፦ ለእኛ ደስ የሚለን ሽታ ለትንንሽ ሳንባ ከባድ ነው። እኛ አገር አናጢ ቤት የሚገኘው ብዙው እሱ በመሆኑ የምን እንጨት እንደሆነ ሳትጠይቁ ከረጢት አትሙሉ፤ ጥሩ ካጣችሁ ጭዱ ብቻ ይበቃል። ክሩ የሚመዘዝ ጨርቅና ጥጥም አታስገቡ፣ የግልገል እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ደግሞ ቡና ከተጠጣ በኋላ የተረፈውን ቄጤማ ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ መጨመር የሚወድ አለ። እርጥብ ሣር ነው፣ ይሻግታል፤ ተዉት። ሳጥኑንም ዕጣንና ከሰል ከሚጨስበት ክፍል አርቁት።

በወለደች በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ መፈተሽ ግን የግድ ነው። እጃችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠቡ፣ እናትየውን ጎመን ወይም የምትወደውን ነገር እየሰጣችሁ ዘወር አድርጓት፣ ከዚያ እጃችሁን ከፀጉሩ ሥር ቀስ አድርጋችሁ ስደዱ። ሙቀት ሊሰማችሁ ይገባል። የሞተ ካለ፣ እንግዴ ልጅ ወይም ደም የነካው ጭድ ካለ አውጡ፣ የቀረውን ፀጉር መልሳችሁ አልብሷቸው። አንዱን ግልገል ብታነሱት፣ የጠገበ ከሆነ ሆዱ ክብ ነው፤ በስሱ ቆዳው ውስጥ ነጩ ወተት ይታያል። የተራበ ሆዱ ጎድጉዶ ቆዳው ይሸበሸባል። ይሄን ካያችሁ በቃ፣ ዝጉት። የጎረቤት ልጆች ተሰልፈው የሚጎበኙበት ቀን አይደለም፤ የተረበሸች ወይም ውኃ የጠማት እናት ልጆቿን ልትረግጥ፣ አንዳንዴም ልትበላ ትችላለች።

ከዚያ በኋላ የምትተማመኑት በአፍንጫችሁ ነው። ጠዋት ፊታችሁን ወደ ሳጥኑ አፍ ጠጋ አድርጉ፤ ሽንቱ ዓይናችሁን ካቃጠለ ከታች የተኙት ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት አድረዋል። ያን ጊዜ እርጥብ የሆነውን ጥግ ብቻ በእጅ ዘግናችሁ አውጡና በደረቅ ጭድ ተኩ። ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ዓይናቸው ይገለጣል፤ ሳጥኑም ቶሎ ቶሎ መርጠብ የሚጀምረው ያኔ ነው፣ የቆሸሸ ጉዝጓዝም ዓይናቸውን ያመረቅዛል። ሙሉው ቅየራ ጊዜው አሁን ነው። ደረቁን ፀጉር ለብቻ አስቀምጡ፣ ግልገሎቹን ሙቅ ጨርቅ በተነጠፈበት ሰፌድ ላይ አድርጉ፣ እርጥቡን ጣሉ፣ አዲሱን ጎዝጉዙ፣ ከአሮጌው ደረቅ ጭድ አንድ እፍኝ ጨምሩበት፤ እናትየው ሽታውን ታውቀዋለች። ከዚያ ፀጉሩን፣ ከዚያ ልጆቹን። ይሄ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ ማለፍ የለበትም።

እንደ ኮምቦልቻና ቆቦ ባለ ሞቃት ቦታ ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። በሙቀት ወራት ግልገሎቹ ተራርቀው ከተዘረሩ ወይም ከፀጉሩ እየወጡ ከሆነ በዝቶባቸዋል፤ የተወሰነ ፀጉር አንሱላቸውና በንጹሕ ከረጢት አስቀምጡት፣ ማታ ሲበርድ ይመለሳል።

ስለ በረኪና አንድ ነገር ልበል። ሽንት ባለበት ሳጥን ላይ በረኪና ማፍሰስ የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከዚያም በላይ፣ ታዳጊ ጥንቸሎችን በተቅማጥ የሚጨርሰው ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ በኩስ ይወጣና በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ በሁለት ሦስት ቀን ይበስላል፤ ዕንቁላሉን በረኪና አይገድለውም። የሚገድለው የፈላ ውኃና ድርቀት ነው። ስለዚህ ሳጥኑን በፈላ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ገልብጡት። ሐምሌና ነሐሴ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ወቅት ፀሐይ ስለማይገኝ ሁለት ሳጥን መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል።

የጊኒ አሳማ (ጅራት የሌላት፣ ከጥንቸል የምታንስ የቤት እንስሳ) ያለው ሰው በዚህ ሁሉ መጨነቅ የለበትም፤ ግልገሎቿ ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ስለሚወለዱ እርጥቡን በየቀኑ ማንሳት ይቻላል። ውጭ አገር ሆናችሁ ሀምስተር (አይጥ መሳይ ትንሽ የቤት እንስሳ) ለምታሳድጉ ግን ተቃራኒው ነው፦ ከወለደች በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ጎጆዋን አትንኩ፣ ምግብና ውኃ ብቻ ስጧት፣ ከጎጆዋ የራቀ እርጥብ ጥግ ካለ በማንኪያ አንሱ።