«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል»

ይህን ተረት ብዙ ሰው «ሴት አታውቅም» እንደማለት አድርጎ ነው የሚይዘው። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ እንደዚያ አይልም። «ብታውቅ» ነው ያለው። ማወቋን አልካደም። ነገሩ ያለው «ያልቃል» የምትለዋ ላይ ነው።

«አለቀ» የሙግትና የሽምግልና ቃል ነው። «ጉዳዩ አለቀ ወይ?» ስንል «ተቋጨ ወይ?» ማለታችን ነው። እንግዲህ ትርጉሙ፦ ሐሳቡን ሴት ብታመጣውም የሚቋጨው በወንድ አፍ ነው። የተረቱ መነሻ ዳኝነቱም ሽምግልናውም የወንድ ብቻ ከነበረበት ዘመን ሳይሆን አይቀርም።

ቋንቋችንን ራሱን እዩት። ወንድ ሲያረጅ «ሽማግሌ» ነው፤ አስታራቂም ሽማግሌ ነው። ሴት በዚያው ዕድሜ «አሮጊት» ናት። አሮጊት የሚለው ቃል ውስጥ ማስታረቅ የሚባል ነገር የለም። «ደፋር ነው» ሙገሳ ሊሆን ይችላል። «ደፋር ናት» ከተባለ ግን እናቷ ታፍራለች። ድፍረቷ የግድ የሚመሰገን ከሆነ ደግሞ «እሷ እኮ ወንድ ናት!» ይሏታል። ቃሉን ለእሷ ከመስጠት ጾታዋን መቀየር ይቀላል መሰለኝ።

በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያን ጦር ምሽጉን አልለቅም ሲል፣ የውሃ ምንጩ ይያዝ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ጦሩም በውሃ ጥም ምሽጉን ለቀቀ። ተረቱ ግን ከዚያም በኋላ ሲነገር ኖረ። በ2011 ዓ.ም. ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ነገር የሚያልቅበት የመጨረሻው ወንበር እንግዲህ ያ ነው።

ሽምግልናው ቤት ግን ገና ነው። ወንድሜ ሊያገባ ሲል የልጅቷን ቤተሰብ ያጠናችው አክስቴ ናት። ማን እንደሚላክ የመረጠችውም፣ ምን እንደሚሉ ያስጠናቻቸውም እሷው ናት። («ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለው ተረት ቢያንስ ላኪነቷን አምኗል።) ጋቢ ለብሰው የሄዱት ግን ሦስት ወንዶች ናቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ አንደኛው ፈንጠር ብሎ ስልክ ደወለላት።

«እትዬ፣ የልጅቷ አያት ስም ማን ነበር ያልሽኝ?»