ጉበት ውስጥ ያለ ቫይረስ፣ ደም ስር ላይ የሚነሳ ብግነት፦ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ጉዳይ

የወፍ በሽታ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የቢጫ ዓይንና የጉበት ነገር ነው። የጉበት ቫይረስ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ ግን አልፎ አልፎ ደም ስር ላይ ጣጣ ያመጣል። በሽታው ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ ይባላል። መካከለኛ ስፋት ያላቸው ደም ቅዳዎች ይቆጣሉ፤ ይጠባሉ ወይም እንደ ፊኛ ያብጣሉ።

ቫይረሱ ራሱ ደም ስሩን አይበላም። ሰውነት ሊከላከለው ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ከቫይረሱ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ በደም ይዞራል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ቀን ብግነቱ ይነሳል።

ሕመምተኛው ታዲያ ጉበቴን አይልም። የእግሩ ጫፍ አልነሳ ይለውና በየደፉ እንቅፋት ይመታዋል። በበላ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል። ይከሳል፣ ያተኩሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ወንዶችን የዘር ፍሬ ሕመምም ያስቸግራል። ሳንባ ግን ብዙ ጊዜ አይነካም። ምርመራው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው፤ የእግር ነርቭ የታመመን ሰው ስለ ጉበት ቫይረስ ማን ይጠይቀዋል?

በሽታው እ.ኤ.አ. በ1866 ጀርመን ውስጥ ቢገለጽም ከቫይረሱ ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው በ1970 ነው። ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ደቡብ ምዕራብ አላስካ ነው። ዩኮንና ኩስኮክዊም ወንዞች ባሕር በሚገቡበት ረግረጋማ ምድር የዩፒክ ሕዝብ ይኖራል። አብዛኞቹ መንደሮች እርስ በርስ የሚያገናኛቸው የመኪና መንገድ የላቸውም፤ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በትንንሽ አውሮፕላን ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ በተጨናነቁ ቤቶች ውስጥ በጭረትና በቁስል ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በልጅነት የተያዘ ደግሞ ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን ሊሸከም ይችላል። በ1989 በታተመ ጥናት ከ1974 እስከ 1985 በአካባቢው 13 ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ይህም በዓመት ከ100,000 ሰው 7.7 ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለዚህ በሽታ ግን በጣም ብዙ ነው።

ሕክምናው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ከተሰጠ ቫይረሱ ይፋፋል። ስለዚህ ስቴሮይዱ ለአጭር ጊዜ ይሰጥና የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይታከልበታል። ለጠና ሕመምተኛ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይለወጥለታል።

በአላስካ ነባር ሕዝቦች መካከል ሰፊው ክትባት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ፤ ጨቅላ ሕፃናትም ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ ይከተቡ ጀመር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ20 ዓመት በታች ባሉት ላይ አዲስ የሄፓታይተስ ቢ ሕመም መታየቱ ቆመ።