«ዝናቡ እኮ ደህና ነበር» ለምትሉ ሁሉ

ባለፈው ደሴ ላይ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው ወደ እህል ዋጋ ዞረ። አንድ ትልቅ ሰው «ዝናቡ እኮ ደህና ነበር፤ ገበሬው ነው የሰነፈው» አሉ። ሦስት አራት ሰው ራሱን ነቀነቀ። ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። ግን ይህን አባባል በታክሲ፣ በስብሰባ፣ በሠርግ ቤት መስማት ሰልችቶኛል። ሥራዬ ግብርና ነው። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት የዝናብ መለኪያ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ልናገር።

መጀመሪያ ቀላሏን እናንሳ። «ድርቅ በየ10 ዓመቱ ይመጣል» ይባላል። አይመጣም። በሀገራችን ዝናብ ክፉኛ ያጠረባቸውን ዓመታት ቁጠሩ፦ 1965፣ 1976፣ 1979፣ 1994፣ 2007 ዓ.ም.። አንዴ በ3 ዓመት፣ አንዴ በ15 ዓመት ነው የመጣው። ይህን አምኖ «ገና ነው» ብሎ ጎተራውን ያራገፈ ሰው አውቃለሁ።

ዋናው ስህተት ግን «የዓመቱ ድምር ከደረሰ ሰብሉም ይደርሳል» የሚለው ነው።

የዝናብ መለኪያ ቀላል ዕቃ ነው። የጣለው ውሃ ይጠራቀምበታል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ መስፈሪያው ትገለብጠዋለህ፤ ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከውሃው ጋር እኩል ታደርጋለህ፤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ታሰፍራለህ። 1 ሚሊሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ይደመራል። ድምሩ ግን ውሃው መቼ እንደመጣ አይነግርህም።

እንበል ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ባሉት ሃያ ቀናት 60 ሚሊሜትር ዘነበ። በየካሬ ሜትሩ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። አንዱ ማሳ ላይ በየአምስት ቀኑ 15፣ 15 እያለ ጣለ። ማሽላው ጠጣ፣ ፍሬውም ሞላ። ሌላው ማሳ ላይ ሦስቱም ጀሪካን በአንድ ከሰዓት ተገለበጠ። መሬቱ ተዳፋት ነው። ውሃው አፈሩን ይዞ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረደ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብቻ። መዝገቡ ላይ ሁለቱም 60 ናቸው።

ይህ የወረቀት ሂሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አጎቴ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማሽላ ያመርታል። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። አገዳው ከቁመቴ በላይ ነው፣ ቅጠሉም አረንጓዴ። ከአስፋልቱ ሆኖ ለሚያየው ጥጋብ ነው። አጎቴ አንድ ዘለላ ቆርጦ በመዳፉ መሀል አሽቶ እፍ አለበት። ሁሉም በረረ። መዳፉ ላይ አንድ ፍሬ አልቀረም። ማሽላው ሊያፈራ ሲል ዝናቡ ለሦስት ሳምንት ጠፍቶ ነበር። «አገዳ ነው ያሳደግሁት፣ ልጄ» አለኝ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ዝናብ መጣ። የጎረቤቱ ጤፍ ታጭዶ መሬት ላይ ነበር፤ ነዶው ውስጥ በቀለ። ያ የኅዳር ዝናብ ለማንም አልጠቀመም። መዝገቡ ላይ ግን ተደመረ። የዓመቱ ድምር ከአማካዩ በላይ ሆነ። ታዲያ ያን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው አጎቴን ሰነፍ ቢለው ምን ይገርማል?

ወሎ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ሌላም አለ። እኛ ጋ ዝናቡ ሁለት ነው፣ በልግና ክረምት። ብዙው የደጋ ገበሬ ገብሱን የሚያገኘው በበልግ ነው። ቆላው ደግሞ ዘግይቶ የሚደርሰውን ረጅሙን ማሽላ ለመዝራት የሚያዝያን እርጥበት ይጠብቃል። በልጉ ቀርቶ ክረምቱ ቢያይል ድምሩ «መደበኛ» ይወጣል። የበልግ ገበሬው ግን ዘሩንም በልቶ ጨርሷል።

የሀገር አማካይማ ይብሳል። «የኢትዮጵያ ዝናብ በዓመት 848 ሚሊሜትር ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንድ ሰንጠረዥ ላይ ይኸው ቁጥር ለየዓመቱ ተደግሞ ስለሚጻፍ ዝናቡ የማይለዋወጥ ይመስላል። 848 የረጅም ዘመን አማካይ ነው። የአምናው ወይም የዘንድሮው ልኬት አይደለም። ውስጡ የኢሉባቦር ደንም የዳሎል በረሃም አለ። ወሎን ብቻ እንኳ ብንወስድ ኮምቦልቻ በዓመት ወደ 1,000 ሚሊሜትር ታገኛለች፤ ቆቦ ከ700 በታች ነው። በ1965 የሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወረደም ነበር። ወሎ ላይ ግን ሕዝብ አለቀ። አማካይ እንዲህ ያለውን መከራ ይሸፍናል፤ እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

«ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት።» ተረቱን እወደዋለሁ። ግን የእርሻ መመሪያ አታድርጉት። ነሐሴ 13 ላይ ዝናቡ በእርግጥ ቢወጣ ዘግይቶ የተዘራው ሁሉ ገለባ ይሆናል። ሰብላችን እስከ መስከረም አጋማሽ ውሃ ይፈልጋል። ከቡሄ በኋላ ያለውን ውሃ እርከኑን ጠግናችሁ፣ ትልሙን በየጥቂት ሜትሩ ዘግታችሁ አቁሩት።

«ዛፉ ስለተቆረጠ ዘንድሮ ዝናብ ቀረ።» ደን በአንድ ዓመት ጠፍቶ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። ዝናቡ ግን እንዲያ ይመላለሳል። የክረምቱ እርጥበት የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን፣ በኮንጎ በኩል ደግሞ ከአትላንቲክ። ዛፉን ግን ትከሉ። የወረደው ውሃ ወደ ምንጭ እንዲሰርግ የሚያደርገው እሱ ነው።

«ኤልኒኖ ከሌለ ድርቅ የለም።» የ2007ቱ ክረምት በኤልኒኖ ተመታ፣ እውነት ነው። ኤልኒኖ ማለት የምድር ወገብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ ነው፤ ያኔ የሰሜኑ ክረምት መድከሙ የተለመደ ነው። ነገር ግን የ1977ቱን እልቂት ያመጣው የ1976 ክረምት የኤልኒኖ ክረምት አልነበረም። ስለዚህ «ኤልኒኖ የለም» ሲባል አትዘናጉ።

«ሚቲዎሮሎጂ ዋሸ።» ይህን የሚል ሰው ትንበያውን እስከ መጨረሻው አላዳመጠም። ትንበያው ሦስት ቁጥር አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ከተባለ፣ ከአምስት አንድ ጊዜ ዝናቡ ሊያንስ ይችላል ማለት ነው። ለዚያ አንድ ጊዜ ዘር መያዝ የኛ ፋንታ ነው። የወቅቱን ትንበያ ሰምታችሁ አትተዉት። በየ10 ቀኑ የሚወጣውንም ተከታተሉ፤ ለእርሻ የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ዱዓውም ምህላውም ይቀጥል፣ እኔም አልቀርም። ከዚያ ጋር አንድ ደብተር ያዙ። ዝናቡ የገባበትን ቀን ጻፉ። ሳይዘንብ የቆየበትን ረጅሙን ጊዜ ጻፉ። የወጣበትን ቀን ጻፉ። እስከ ግንቦት የሚረባ እርጥበት ካልመጣ ረጅሙን ማሽላ ተዉት። ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ፣ ጤፍ ወይም ማሾ ዝሩ። የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ዝናብ አጠር ለሆነው አካባቢያችን ያወጣቸው ዝርያዎች አሉ፤ የልማት ሠራተኛችሁን ጠይቁ።

አጎቴ አሁን ሁለት ዓይነት ዘር ለየብቻ ይይዛል። ደብተሩን የምትጽፍለት ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጁ ናት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስደውልለት «ማሽላውን ተውኩት፣ ማሾ እየዘራሁ ነው፤ ቆይ በሬው አመለጠኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።