ስለ ደብረ ማርቆስና ስለ ጎጃም ዘውድ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ከጥንት ጀምሮ የነገሥታት መናገሻ ነበረች ሲባል እንሰማለን። ከተማዋ ግን ያን ያህል ዕድሜ የላትም። በ1840ዎቹ የቆረቆሯት ለአፄ ቴዎድሮስ አልገዛም ያሉት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። ያኔ ስሟ መንቆረር ነበር። የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያኗ ነው።

የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን የተድላ ጓሉ ወራሽ የሚያደርጓቸውም አሉ። እንዲያውም ቤተሰቦቻቸው ባላንጣዎች ነበሩ። የተሰማ ጎሹ ልጅ ራስ አዳል (የንጉሡ የቀድሞ ስም ነው) ከተድላ ልጅ ከደስታ ጋር ሲፎካከሩ ቆይተው ነው ጎጃምን የያዙት።

ዘውዱንስ ማን ሰጣቸው? ብዙ ሰው ምኒልክ ይላል። የሰጧቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው፣ በ1873 ዓ.ም.። ማዕረጉ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ነበር። ልብ በሉ፣ ከፋ ያኔ በጎጃም እጅ አልነበረችም። በእኔ ግምት ዮሐንስ ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለብቻቸው እንዳይጠቀልሉት ፈልገዋል። ያ ማዕረግ ጣጣ አመጣ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. ጎጃምና ሸዋ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

«ንግሥናቸው እምባቦ ላይ አበቃ» የሚለው ግን ስህተት ነው። ያጡት የከፋን ነገር ነው። ዮሐንስ ጣልቃ ስለገቡ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ዘውዳቸውን ይዘው ተመለሱ። በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች (በሱዳን መሐዲስቶች) ክፉኛ ተመቱ፤ ጎንደርም ተዘረፈች። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘመቱ፤ የተሰለፉት ከማረኳቸው ከምኒልክ ጎን ነው። የጎጃም ንጉሥ ዓድዋ አልነበሩም የሚል ካለ ይኼን ንገሩት።

ልጃቸው ራስ ኃይሉም ንጉሥ አልነበሩም። ዘውዱ አባትየው በ1893 ዓ.ም. ሲሞቱ አብሮ ቀረ። ኃይሉ ሀብትና ኃይል አላነሳቸውም፣ ማዕረጋቸው ግን ራስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃምን ከገዙት ከታላቁ ራስ ኃይሉ ጋር አታምታቷቸው። የተክለ ሃይማኖት ልጅ ኃይሉ በልጅ ኢያሱ ከእስር ማምለጥ ተጠርጥረው በ1924 ዓ.ም. ተሻሩ፤ በቦታቸው ራስ እምሩ ተተኩ። ጣሊያን ሲገባ ከጣሊያን ጋር ወገኑ። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ እዚያው በአባታቸው ከተማ እጅ ነሱ።