ስለ ፌይሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት የስምንት ዓመት የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርዳ ነበር። ፊላው ዳር ተቀምጣ በደብተሯ ፌይሪ ስትስል ቆየችና «የእኛ ሐይቅ ፌይሪ ምን ትበላለች?» አለችኝ። ፌይሪ በአውሮፓ ተረት ውስጥ በጫካና በምንጭ ዳር የምትኖር፣ ሲያሻት የምትታይ ሲያሻት የምትሰወር ረቂቅ ፍጡር ናት። የልጅቷን ጥያቄ እጅግ ወደድኩት። አንድ ፍጡር የት ይኖራል፣ ምን ይበላል፣ ምን ይፈራል ብሎ መጠየቅ የተፈጥሮ ተመራማሪ ጥያቄ ነው፤ ፍጡሩ በሐሳብ ብቻ ያለ ቢሆንም እንኳ። ለመመለስ ግን መጀመሪያ ግልጽ መሆን ያለባቸው ነገሮች አሉ።

«ፌይሪ ክንፍ ያላት ትንሽ ልጅ ናት»

በጥንቶቹ የእንግሊዝና የአየርላንድ ተረቶች ፌይሪ ክንፍ የላትም። ቁመቷም እንደ ተራኪው ነው፤ አንዱ ዘንድ ሰው ታክላለች፣ ሌላው ዘንድ ከጉልበት አታልፍም። ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ በጻፈው ተውኔት ፌይሪዎቹ ፈርተው በዛፍ ፍሬ ቅርፊት ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ ከዚያ ወዲህ እያነሱ ሄዱ። ክንፉን ያስለመዱን በተለይ የ19ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎችና የመድረክ ልብስ ሰፊዎች ናቸው።

«ፌይሪ ደግ ናት፤ የተመኙትን ትሰጣለች»

ይህ በጣም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የገጠሩ ሰው ፌይሪን ይፈራት ነበር። እንዳትቆጣ ብሎ በስሟ አይጠራትም፤ «ደጎቹ ጎረቤቶች» ይላል እንጂ። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያሉኝ አያቴ ናቸው። ምድጃው ዳር ተቀምጠው ቡና እየቆሉ፣ ስለ ወንዝ ዳሩ መንፈስ ሲነሣ «ስማቸውን ቄስ ይጥራቸው» ብለው ወሬውን ይቆርጡታል። እስላሟ ጎረቤታችንም ጂኒ ከተባለ «አዑዙ ቢላሂ» ሳትል አታልፍም። ደግሞ ብረቱን ተመልከቱ። የአውሮፓ ሰው ፌይሪ ብረት ትፈራለች ብሎ ከሕፃን አልጋ አጠገብ ብረት ያስቀምጣል፤ የእኛዋ አራስም ወደ ደጅ ስትወጣ ቢላዋ ትይዛለች። የማይተዋወቁ እናቶች ለልጃቸው ሳስተው አንድ መላ ላይ መድረሳቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

«በክብ የበቀለ እንጉዳይ ፌይሪዎች የጨፈሩበት ነው»

ክቡ እውነት ነው፤ ጭፈራው ተረት ነው። እንጉዳይ ብለን የምናየው የፍጡሩን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ዋናው አካሉ ከአፈር ሥር ያለ ነጭ የክር መረብ ነው። ክሩ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እየገፋ ይሰፋል፤ ዝናብ ሲያገኝ እንጉዳዩን የሚያወጣው በጠርዙ ላይ ስለሆነ ከላይ ለሚያይ ቀለበት ይሆናል። የሞተ ነገር እያበሰበሰ ናይትሮጅን ስለሚለቅም በጠርዙ ያለው ሣር ይበልጥ ይለመልማል። ከዝናብ በኋላ መስክ ላይ የሚፈላውን የዱር እንጉዳይ እኛ «የጅብ ጥላ» እንለዋለን። እንግሊዞች ደግሞ በቋንቋቸው «የጓጉንቸር በርጩማ» ይሉታል። ልጆች ሁለቱንም ስም ሲሰሙ ማን ከሥሩ እንደሚጠለልና ማን ከላዩ እንደሚቀመጥ ራሳቸው ይስላሉ።

«እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም»

አለ፤ ያውም ሞልቶ። ፀሐይና ዝናብ ሲገናኙ «ጅብ ወለደች» የሚል ሕዝብ የራሱን የተፈጥሮ ታሪክ በሐሳቡ ጽፏል። ጅብ ግን ፀሐይም ዝናብም አትጠብቅም፤ 110 ቀን ያህል አርግዛ በማንኛውም ወቅት ትወልዳለች፤ ግልገሎቿም ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ጥርስ አብቅለው ነው የሚወለዱት። ይህኛው ከተረቱ ይልቅ ተረት አይመስልም? የፈረንጅ ልጅ የወለቀ ጥርሱን ለፌይሪ ብሎ ትራሱ ሥር ያኖራል፤ የእኛው ጣራ ላይ ይወረውራል።

የሐይቁንም አፈጣጠር የአካባቢው ሰው እንዲህ ይተርከዋል። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት ብትበድል እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ተረፈ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል። ቀድሞ ደሴት እንደነበረ ግን ተረቱ አልረሳም።

«ፎቶግራፍ ተነሥተዋል»

እ.ኤ.አ. በ1917 በእንግሊዝ ኮቲንግሊ መንደር የ16 እና የ9 ዓመት ልጆች «ፌይሪዎች» ያሉበት ፎቶግራፍ አነሡ። ታዋቂው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር አምኖ በ1920 በመጽሔት አወጣው። ልጆቹ አርጅተው በ1983 ከወረቀት የተቆረጡ ሥዕሎች እንደነበሩ ተናገሩ።

«ልጅ ተረትን ከእውነት አይለይም»

ይህን የሚሉ ወላጆች ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ስጋታቸው ከፍቅር ነው። ቢሆንም የእህቴ ልጅ ማታ ያሳየችኝን ደብተር ቢያዩት እወዳለሁ። በግራው ገጽ፦ የሐይቅ ፌይሪ፤ መኖሪያ፦ ፊላ ውስጥ፤ ምግብ፦ ማለዳ ከውኃው የሚነሣ ጉም፤ የምትፈራው፦ ቢላዋ። በቀኙ ገጽ፦ ቆሮሶ፤ አስጋሪው ያሳያት ዓሣ ነው፤ የጀርባውን እሾህ በጣቷ እየነካች ቆጥራ 17 ብላ ጽፋለች። በሁለቱ ገጾች መካከል፣ ማንም ሳያዛት፣ ከላይ እስከ ታች ወፍራም መስመር አስምራለች።