ኤጅ ባንድ ምንድን ነው? የኪችን ካቢኔት በር ከጠርዙ ለምን ይበላሻል

አዲስ ኪችን ካቢኔት የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የበሩን ፊት ነው፤ ቀለሙን ያማርጣል፣ አንጸባራቂ ይሁን ወይስ ደብዛዛ ብሎ ይመክራል፣ ከዚያም በዋጋው ይከራከራል። ካቢኔቱ ጥቂት ዓመታት አገልግሎ መበላሸት ሲጀምር ግን ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ፊቱ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው በር ታችኛው ጫፉ ያብጣል፣ ከምድጃው አጠገብ ያለው በር ሽፋኑ ይላቀቃል፣ በተላቀቀበት ክፍተት ውስጥም ዘይትና አቧራ ተጠራቅሞ በምንም ሳሙና የማይለቅ ጥቁር መስመር ይሠራል። ይህ እንዳይሆን በበሩ ጠርዝ ዙሪያ የሚለጠፈው ቀጭን ሽፋን ነው ኤጅ ባንድ የሚባለው።

ኤጅ ባንድ ከተፈጨ ወይም ከተሰባበረ እንጨት ተጨምቆ በሚሠራ የኤምዲኤፍ ወይም የቺፕውድ ቦርድ የተቆረጠ ጠርዝ ላይ በሙጫ የሚለጠፍ፣ በጥቅል የሚሸጥ ረጅም ጥብጣብ ነው። ፋብሪካው ላሚኔት አድርጎ፣ ማለትም በቀጭን ጠንካራ ሽፋን አልብሶ፣ የሚልከው የቦርዱን ሁለት ፊቶች ብቻ ነው። ቦርዱ ወርክሾፕ ደርሶ በመጋዝ በሚቆረጥበት ጊዜ አራቱም ጎኖቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ፤ ስለዚህ ፊቱ ምንም ያህል ጥራት ያለው ቢሆን የበሩን ውስጠኛ ክፍል ከውኃ የሚጠብቀው በወርክሾፑ ውስጥ የሚሠራው የጠርዝ ሥራ ብቻ ይሆናል።

ነገሩን በትክክል ለመረዳት ኤምዲኤፍ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨት ተፈጭቶ ወደ ቃጫነት ከተለወጠ በኋላ ከሙጫና ከጥቂት ሰም ጋር ይደባለቅና በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጨምቆ ቦርድ ይሆናል። ሲጨመቅ ይበልጥ የሚጠቀጠቀው ከላይና ከታች ያለው ክፍል ሲሆን መሐሉ በአንጻሩ የሳሳ ሆኖ ይቀራል። ቦርዱ ሲቆረጥ የሚጋለጠው ይኸው የሳሳው መሐል ነው። ውኃ በዚያ በኩል ሲገባ ተጨምቆ የነበረው ቃጫ ይለቀቅና ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ለመመለስ ይገፋል፤ ከደረቀ በኋላም እንደገና የሚጨምቀው ነገር ስለሌለ እብጠቱ እንዳለ ይቀራል። ያበጠ በር በፀሐይ ደርቆ ይስተካከላል የሚለው ተስፋ ከንቱ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ደረጃ ከ12 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው መደበኛ ኤምዲኤፍ፣ ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ውፍረቱ እስከ 12 በመቶ እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ ይህም በተለመደው ባለ 18 ሚሊ ሜትር በር ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ እብጠት ማለት ነው። ደረጃውን ያሟላ ጥሩ ቦርድ ጠርዙ ከተጋለጠ ይህን ያህል ሊያብጥ የሚችል ከሆነ፣ ደረጃው የማይታወቅ ቦርድ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እርጥበትን የሚቋቋም ኤምዲኤፍም አለ። ብዙ አምራቾች እንዲለይ ውስጡን አረንጓዴ ቀለም ይነክሩታል፤ ይሁንና ቀለሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለምና ከሻጩ የአምራቹን መግለጫ መጠየቅ ይገባል። ይህ ዓይነቱ በዚያው ፈተና ከ8 በመቶ በላይ እንዲያብጥ አይፈቀድለትም። ያም ሆኖ እርጥበትን መቋቋም ውኃ አለማስገባት አይደለም፤ ጠርዙ ክፍት ከሆነ እርሱም ቢሆን ይዘገያል እንጂ ማበጡ አይቀርም። ቺፕውድ ደግሞ ከተፈጨ ቃጫ ሳይሆን ከትናንሽ የእንጨት ስባሪዎች የሚሠራ ስለሆነ ጠርዙ ሻካራና ባለ ቀዳዳ ነው። ለካቢኔቱ ሣጥን ተስማሚና ዋጋው የሚቀንስ ቢሆንም ለበር ግን ኤምዲኤፍን እመርጣለሁ፤ ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ ኤጅ ባንዱ ያለ ክፍተት ይቀመጥበታል።

ኤጅ ባንድ በሚሠራበት ነገር ይለያያል። በጣም ርካሹ በሜላሚን የተነከረ ወረቀት ሲሆን በካውያ ሙቀት የሚለጠፍ፣ ተሰባሪና እርጥበትን ብዙም የማይችል ነው፤ ኪችን ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ከዚያ የሚሻሉት ፒቪሲና ኤቢኤስ የሚባሉት የፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው። ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ቀጭኑ እጅ ለማይነካው የመደርደሪያ ጀርባና ለሣጥኑ የውስጥ ጠርዝ ይበቃል፣ ለበርና ለመሳቢያ ፊት ግን 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ወፍራሙ ኤጅ ባንድ ድስት ሲመታው አይሰበርም፤ ማዕዘኑም በትንሹ እንዲከብ ተደርጎ ሊላግ ስለሚችል ለእጅ የሚመች ከመሆኑም በላይ ጨርቅ ሲያልፍበት አይይዝም።

ከጥብጣቡ ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠይቅበት፣ ነገር ግን የሥራው ዋና ጉዳይ የሆነው ሙጫው ነው። በማሽን ሲለጠፍ ኢቪኤ የሚባለው የተለመደው ሙጫ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቆ ይቀልጣል፣ በቦርዱ ጠርዝ ላይ ይቀባል፣ ጥብጣቡ በሮለር ተጭኖ ይጣበቃል፤ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ የተረፈው ይላጋል። ይህ ሙጫ በሙቀት የሚቀልጥ ስለሆነ ደግሞ ሲሞቅ መለስለሱ አይቀርም፤ ከኦቭን ጎን ወይም ከምድጃ በላይ ያለው በር ጠርዙ ቀድሞ የሚላቀቀው ስለዚህ ነው። ፒዩአር የሚባለው ሌላው ሙጫ ግን ከተለጠፈ በኋላ ከአየርና ከእንጨቱ እርጥበት ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፣ አንዴ ከጠነከረም ተመልሶ አይቀልጥም፤ ለእንፋሎትና ለሙቀት ያለው ጽናት ከፍ ያለ ሲሆን የሙጫው መስመርም ቀጭን ስለሚሆን ቆሻሻ የሚገባበት ክፍተት አይተውም። ይህን ሙጫ የሚጠቀም ወርክሾፕ ማግኘት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ ካልተገኘ ቢያንስ ለዕቃ ማጠቢያውና ለምድጃው አካባቢ በሮች በማሽን የተለጠፈ ወፍራም ጥብጣብ መጠየቅና ከማሽን ውጭ በእጅና በብሩሽ ኮላ ተቀብቶ የሚለጠፈውን አለመቀበል ይገባል። በእጅ የተለጠፈ ጠርዝ ሙጫው እኩል ስለማይዳረስ ባዶ የሚቀር ቦታ አያጣም፤ ውኃም የሚፈልገው ያንን ቦታ ነው።

ኤጅ ባንድ የማያስፈልጋቸው በሮችም አሉ። ሜምብሬን የሚባለው በር ኤምዲኤፉ በቅርጽ ከተፈለፈለ በኋላ ቀጭን የፒቪሲ ፊልም ሞቆ በአየር መሳብ ፊቱንና አራቱን ጎኖቹን በአንድ ላይ የሚሸፍንበት ነው። መጋጠሚያ ስለሌለው ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ ድክመቱ ሙቀት ነው፣ ከኦቭን ወይም ከውኃ ማፍያ አጠገብ ሲሆን ፊልሙ ይኮማተርና ከጀርባው ጫፍ ይላጣል። በስፕሬይ የሚቀባው በርም እንዲሁ መጋጠሚያ የለውም፣ ሲላጥ ተጠግኖ እንደገና ሊቀባ መቻሉም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን የኤምዲኤፍ ጠርዝ ቀለም ስለሚመጥ ከዋናው ቀለም በፊት ጠርዙ በደንብ ካልተደፈነና ካልተለሰለሰ ውኃውን አያቆምም፣ ዕቃ ሲመታውም ይሸረፋል። ከደረቅ እንጨት የሚሠራ በር ዕድሜው ረጅም ቢሆንም በእርጥበት ይሰፋል፣ በድርቀት ይጠባል፣ ቫርኒሹም በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። ወጥ በየቀኑ ለሚሠራበት ቤት ከሁሉም የምመክረው ፊቱ ጥሩ ላሚኔት የሆነ፣ ጠርዙ በወፍራም ኤጅ ባንድ የተዘጋ፣ ምንም ፍልፍል የሌለው ጠፍጣፋ በር ነው።

ይህን የምለው የእኛን ምግብ አሠራር አስቤ ነው። ቁሌት ረጅም ሰዓት ሲቁላላ የዘይትና የበርበሬ ብናኝ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ በምድጃው ዙሪያ ባሉ በሮች ላይ ያርፋል፤ እርድ የነካው ዘይት ደግሞ በቶሎ ካልተጠረገ ነጭ ፕላስቲክን ቢጫ ያደርጋል። በጠፍጣፋ በር ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ጨርቅ ይነሣል። በፍሬምና በፍልፍል በተሠራ በር ላይ ግን ብናኙ በማዕዘኖቹ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ በቢላዋ ጫፍና በጥርስ ብሩሽ መፈቅፈቅ ይጀመራል፣ መፈቅፈቁም ራሱ ፊቱን ይጎዳል። በጣም አንጸባራቂ የሆነው ፊት ቅባት አይዝም፣ ሆኖም የጣት አሻራንና ጭረትን በግልጽ ያሳያል፤ የእንጨት መልክ ያለው ሻካራ ፊት ደግሞ ጭረትን ቢደብቅም በጎድጓዶቹ ውስጥ ቅባት ያስቀራል። ለስላሳና ደብዛዛው በሁለቱ መካከል ያለ ምርጫ ነው።

ጽዳቱን በተመለከተ፣ ለብ ባለ ውኃ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ከበቂ በላይ ነው። ጨርቁ ተጨምቆ መምጣት አለበት፤ ውኃ የሚያንጠባጥብ ጨርቅ ከፊቱ ወርዶ በታችኛው ጠርዝ ላይ ይቆማል። መጨረሻ ላይ በደረቅ ጨርቅ ጠርዙን ጭምር ማድረቅ ያስፈልጋል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ሻካራ ዱቄት ሳሙና የላሚኔቱን ገጽ ይፍቃሉ፣ የተፋቀ ገጽም ከዚያ በኋላ ቆሻሻን አጥብቆ ይይዛል። በረኪናም ቀለሙን ያደበዝዛል፣ የኤጅ ባንዱን ሙጫም አይጠቅመውም።

ውኃ ከፊት ብቻ አይመጣም። በብዙ ቤቶች ወለል የሚታጠበው ውኃ ተደፍቶ በመሆኑ ካቢኔቱ በቀጥታ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ምንም ዓይነት ኤጅ ባንድ አያድነውም፤ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ በሚያደርግ የፕላስቲክ እግር ላይ መቆም አለበት፣ እግሩን የሚሸፍነውም ዞኮሎ ከኤምዲኤፍ ይልቅ ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም ቢሆን ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይኛው ካቢኔት ሥር የሚቀመጥ ከሆነም አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ የሚመታው የላይኛውን በር ታችኛ ጠርዝ ነው። ምጣዱን ወደ መስኮት ወይም ወደ ጭስ መሳቢያው ማዞር የበሩን ዕድሜ በዓመታት ያራዝማል።

ሥራውን ከመረከብ በፊት በሩን ገልብጦ ማየት ይገባል። ብዙ ጊዜ ከፊት የሚታዩት ጠርዞች ብቻ ተሸፍነው የታችኛው ጠርዝ ክፍት ሆኖ ይገኛል፤ እርሱ ደግሞ ውኃ ተንጠባጥቦ የሚቆምበት ነው። በመጋጠሚያው ላይ ጥፍርን ቀስ ብሎ ማሳለፍ ነው፤ ጥፍር ከያዘ ቆሻሻም ይይዛል። የሙጫው መስመር ወፍሮ የሚታይ ከሆነ ወይም ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ ጥብጣቦች ካልተገናኙ ተመልሶ ይሠራ ማለት መብት ነው። ማጠፊያው የሚቀመጥበት 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድና የእጀታው ቀዳዳዎችም የተራቆተ ኤምዲኤፍ ናቸው፤ በተለይ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባለው በር ላይ ማጠፊያው ከመታሰሩ በፊት ውስጣቸው ቫርኒሽ ቢቀባ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሠሪው ከወርክሾፑ የአንድ በር ስባሪ ኤጅ ባንዱ እንደተለጠፈበት ተቀብሎ፣ የተሸፈነውን ጠርዝ ብቻ ለአንድ ቀን ውኃ ውስጥ ቢያቆመው፣ ከካታሎግ የበለጠ ይነግረዋል።

የሥራ ውል ላይ «ኤጅ ባንድ ያለው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የጥብጣቡ ዓይነትና ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ አራቱም ጠርዞች እንደሚሸፈኑ፣ በማሽን እንደሚለጠፍ፣ የሙጫው ዓይነትና የቦርዱ እርጥበትን የመቋቋም ደረጃ ሊጻፍ ይገባል። የቦርዱንና የጥብጣቡን የቀለም ቁጥርም ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንድ በር ቢያብጥ እርሱን ብቻ ለመቀየር ተመሳሳዩን ማግኘት የሚቻለው በዚህ ቁጥር ነው። ጥብጣቡ ገና መነሣት ሲጀምር፣ ውኃ ሳይገባበት፣ ያው ወርክሾፕ ጠርዙን አጽድቶ እንደገና ሊለጥፈው ይችላል፤ ቦርዱ አንዴ ካበጠ በኋላ ግን አዲስ ጥብጣብ ቢለጠፍበትም ስለማይዝ በሩን መቀየር ግድ ይሆናል።